የማክሰኞ ማታ ዶሮ በአንድ ትሪ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከጅማ ማዕድ ቤት

ጥያቄ፦ ጅሬን አካባቢ ነው የምኖረው። ሦስት ልጆች አሉኝ፣ ትንሹ 4 ዓመቱ ነው። ከሥራ የምገባው ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል አልፎ ነው፣ ልጆቹ ደግሞ እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ካልበሉ ይተኙብኛል። እራታችን ሁልጊዜ ፓስታ ወይ ፍርፍር ሆኗል። በቀደም እህቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ዶሮ በድንችና በነጭ ሶስ ኦቭን ውስጥ ሠርታ አበላችን፣ ልጆቹ ሳህኑን ጠርገው በሉ። እኔ ስሞክረው ግን ዶሮዋ ጎማ ሆነች፣ ድንቹ ጥሬ ቀረ፣ ሶሱም ተለያይቶ ውሃ ሆነ። ምኑ ላይ ተሳሳትኩ? ደግሞስ ይሄ በሥራ ቀን የሚሠራ ነገር ነው? (የሦስት ልጆች እናት)

መልስ፦ እህቴ፣ በሥራ ቀን ይሠራል። እኔ ቤት ብዙ ጊዜ ማክሰኞ ማታ ነው የምሠራው፣ ረቡዕ ስለምንጾም። ስህተትሽ ሦስት ይመስላል እንጂ ዋናው አንድ ነው፤ የዶሮዋ ምርጫ።

የገዛሻት የአበሻ ዶሮ ነበረች አይደል? ባትነግሪኝም «ጎማ ሆነች» ስትይ ገባኝ። እኔም አንድ ሐሙስ ገበያ ወጥቼ ደልደል ያለች ዶሮ አስመርጬ ገዛሁና በዚያው ምሽት ድንች ላይ ደርድሬ ኦቭን ከተትኳት። አንድ ሰዓት ሙሉ ቆየች። ላይዋ አምሮ ወጣ፣ ሥጋው ግን ከአጥንቱ አልላቀቅ አለ፣ ልጆቼም ድንቹን ለቅመው ሥጋውን ተዉት። ያን ቀን በጣም ነበር ያዘንኩት፣ የደከምኩበትም የከፈልኩበትም ነገር ነበርና። ጥፋቱ ግን የዶሮዋ አልነበረም። የአበሻ ዶሮ ደጅ ስትሮጥ፣ ስትጭር ነው የምታድገው፣ ለመታረድም ወራት ይፈጅባታል። ሥጋዋ ጠንካራ ነው፣ ጣዕሟም የሚመጣው ከዚያው ነው። እሷ የምትፈልገው ረጅም ጊዜና እርጥበት ነው፤ ለዚህ ነው በወጥ ውስጥ እንደዚያ የምታምረው። ለሥጋ የሚረባው የፈረንጅ ዶሮ ግን ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ስለሚታረድ ሥጋው ገና ለስላሳ ነው፣ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይበስልልሻል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በይ። «የፈረንጅ ናት» ተብሎ የሚሸጥ ሁሉ ለሥጋ የረባ አይደለም። እንቁላል ስትጥል ቆይታ መጣል ስትቀንስ የምትሸጥም አለች። እሷም ዕድሜዋ የገፋ ስለሆነ እንደ አበሻዋ ትጠነክራለች። ስለዚህ ሻጩን «የሥጋ ናት ወይስ የእንቁላል?» ብለሽ ጠይቂ። የአበሻዋን ካልሆነ አልገዛም ካልሽ ደግሞ ምንም ችግር የለውም፣ እሑድ ቀን በጨውና በሽንኩርት እስክትላቀቅ ቀቅያት፣ ሥጋውን ፈልፍለሽ ከመረቁ ጋር ፍሪጅ አስቀምጪ፣ ማክሰኞ ሶሱ ውስጥ መጨመር ብቻ ይቀርሻል። እንዲያውም ይሄኛው መንገድ ይበልጥ ይጣፍጣል ባይ ነኝ።

ድንቹስ? ድንች ወተት ውስጥ ሆኖ ቶሎ አይበስልም። ቲማቲም ወይም ሌላ ኮምጣጣ ነገር ሲገባበትማ ጭራሽ ይዘገያል። ከዚህ በላይ ደግሞ የከተማችን ነገር አለ። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ትላለች፣ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ከስልክ ላይ ያየሽው አሠራር «20 ደቂቃ» ካለሽ እኛ ጋ ትንሽ ጨምሪበት። ድንቹን በአንድ ብር ሳንቲም ውፍረት ከትፈሽ ጨው ባለው ውሃ ለ8 ደቂቃ ያህል ቀድመሽ አፍይው። ግማሽ በስሎ ኦቭን ከገባ ጥሬ አይቀርብሽም።

ሶሱ የተለያየብሽ ደግሞ በሎሚ ይመስለኛል። ዶሮ በሎሚና በጨው አሽተን ነው የምናጥበው፣ እናቶቻችን ያስተማሩን ነው። ሎሚው በደንብ ካልተለቀለቀ ግን ወተቱን ወደ አይብ ይለውጠዋል። ለዚህ ምግብ ሎሚውን ተይው። ማጠብም ካለብሽ ሰፋ ያለ ሳህን ውስጥ ቀስ ብለሽ እጠቢ እንጂ ቧንቧ ሥር አታድርጊው፣ ፍንጣቂው የጥሬ ዶሮ ጀርም ይዞ ሰላጣው ላይም የልጆቹ ሳህን ላይም ያርፋል። ጀርሙን የሚገድለው እሳቱ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ለስድስት ሰው 1 ኪሎ ከሩብ ገደማ የሆነ አንድ ዶሮ ይበቃል። እንደ ወጥ 12 ብልት አታውጪ፣ እሱ የበዓል ሥራ ነው፣ 8 ቦታ ቁረጫት በቃ። ቆዳውን አንሺው፣ ሶስ ውስጥ ሲሆን ይልሞሰሞሳል። ድንቹ ውሃው ላይ እያለ በሌላ ድስት ትንሽ ዘይት አግለሽ ዶሮውን በጨውና በቁንዶ በርበሬ በሁለቱም በኩል ሦስት ሦስት ደቂቃ ጠበስ አድርጊው። ይሄን ደረጃ አትዝለይ፤ ቢደክምሽም አትዝለይ። ቡናማ የሆነው ነገር ነው ለሶሱ ጣዕም የሚሰጠው።

ዶሮውን አውጪና እዚያው ድስት ላይ አንድ ትልቅ ቀይ ሽንኩርት፣ ሦስት ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርትና ሁለት ካሮት ከትፈሽ አቁላይ። ሲለሰልስ 3 የሾርባ ማንኪያ የገበታ ቅቤ፣ ቀጥሎ 3 የሾርባ ማንኪያ የፉርኖ ዱቄት ጨምረሽ አንድ ሁለት ደቂቃ አማስይ፣ የዱቄቱ ጥሬ ሽታ እስኪጠፋ። ከዚያ ግማሽ ሊትር ለብ ያለ ወተት ጥቂት በጥቂት እያፈሰስሽ አማስይ። ወተቱ የሚመጣልሽ ከጎረቤት ላም ከሆነ ቀድመሽ አፍይው። በአንድ ጊዜ ካፈሰስሽው ይጓጉላል፣ ጥቂት በጥቂት ከሆነ ግን ዱቄቱ ወተቱን ይይዘዋል፣ ሶሱም አይለያይም። ድንቹ የተቀቀለበትን ውሃም አትድፊው፣ አንድ የሻይ ብርጭቆ ጨምሪበት።

እኔ ደግሞ የተፈለፈለ ኮረሪማ ወቅጬ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጣል አደርግበታለሁ። የፈረንጆቹ አሠራር ይሄን አያውቅም። የኛ አካባቢ ጫካ ያበቀለው ቅመም ነው፣ ነጭ ሶስ ውስጥ ሲገባ ቤቱን ሁሉ ያውደዋል፣ እባክሽ ሞክሪው።

ድንቹን ትሪው ላይ አንጥፊ፣ ዶሮውን ደርድሪ፣ ሶሱን ከላይ አፍስሺበት። ታፋና እግሩን ወደ ዳር፣ ደረቱን ወደ መሐል አድርጊ፣ ዳሩ ይበልጥ ስለሚግል። በፎይል ሸፍነሽ በ190 ዲግሪ 35 ደቂቃ፣ ከዚያ ፎይሉን አንስተሽ ሌላ 15 ደቂቃ። ፎይሉ ሲነሳ ከላዩ የደረቀ ዳቦ ፈርፍረሽ በቅቤ ለውሰሽ በትኚበት። ቺዝ ካለሽ ጥሩ ነው። አይብ ግን አይቀልጥም፣ እንደተፈረፈረ ነው የሚቀረው፣ ስለዚህ ከላይ ከመበተን ሶሱ ውስጥ ማዋሃድ ይሻላል። መብሰሉን ለማወቅ ወፍራሙን የታፋ ሥጋ አጥንቱ ድረስ በቢላ ውጊው። ቀይ ውሃ ካልወጣ በስሏል። የምግብ ቴርሞሜትር ያላት ደግሞ 74 ዲግሪ ስታይ ታውጣው።

ሰዓቱን ልቁጠርልሽ። 11፡45 ድንቹ ውሃ ላይ። 12፡00 ዶሮው እየተጠበሰ ነው፣ 12፡20 ኦቭን ገባ፣ 1፡10 ወጣ። ትሪው ኦቭን ውስጥ ባለበት 50 ደቂቃ አንቺ ነፃ ነሽ። የልጆቹን የቤት ሥራ ታያለሽ፣ ልብስሽን ትቀይሪያለሽ፣ ቁጭ ብለሽ ሻይ ትጠጫለሽ። ሲወጣ 10 ደቂቃ ይረፍ፣ ሶሱ ይረጋል፣ የልጆቹም አፍ አይቃጠልም። ወጥ ሲሠራ ድስቱን ጥለሽ መሄድ አትችይም፣ እዚህ ግን እሳቱ ይሠራልሻል፣ እኔ ይሄን ምግብ የምወደው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ቆጪ አንድ ክፍል ቤት ተከራይቼ ከታናሽ ወንድሜ ጋር እኖራለሁ። ኦቭን የለኝም። ያለኝ የኤሌክትሪክ ምድጃና ከሰል ነው፣ መብራትም ይጠፋል። ካሴሮል የሚባለውን ይሄን የኦቭን ምግብ ልተወው?

መልስ፦ አትተወው ወንድሜ። ካሴሮል ቃሉ የፈረንሳይኛ ነው፣ ትርጉሙም ድስት ማለት ነው። ድስት ካለህ አለህ ማለት ነው።

ታቹ ወፈር ያለ ድስት ውሰድ። ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ እንዳለ አድርግ፣ ዶሮውን ብቻ ትንንሽ ቁረጠው፣ ሶሱንም ትንሽ ቀጠን አድርገው። ከታች ድንች፣ ከላይ ዶሮ፣ ከዚያ ሶስ፣ ክደነውና በጣም ዝቅተኛ እሳት ላይ 45 ደቂቃ። አታማስለው፣ ድንቹ ይፈርሳል። እንዳያርብህ ከፈለግህ ታቹ ላይ የታጠበ የኮባ ቅጠል አንጥፍበት። ጅማ ውስጥ ኮባ አይጠፋም፣ ድፎ ዳቦ የሚያውቀው ሽታም ለዶሮውም ይደርሰዋል።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ እናቶቻችን ድፎ የሚጋግሩበትን ዘዴ ተጠቀም፤ እሳት ከታችም ከላይም። የብረት ክዳን ክደንበትና ላዩ ላይ ፍም አድርግ። ከታች ያለው ፍም ጥቂት ይሁን፣ ከላይ ያለው በዛ ይበል። ላዩ ልክ ኦቭን ውስጥ እንደገባ ቡናማ ይሆናል። ግን አደራ፣ ከሰሉን ደጅ ወይ በረንዳ ላይ አድርገው። አንድ ክፍል ውስጥ በር ዘግቶ ከሰል ማንደድ ይገድላል፣ ጭሱ ባይታይህም፣ ባይሸትህም። ዝናብ ነው ብለህ ወደ ውስጥ እንዳታስገባው። ያን ቀን እንቁላል ጠብሳችሁ ብሉ።

ፓይሬክስ (ኦቭን የሚገባ የመስታወት ዕቃ) ያላችሁም ስሙኝ፣ ምድጃም ምጣድም ፍምም ላይ በቀጥታ አታስቀምጡት። ይሰነጠቃል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ነጭ ሶስ የሕፃን ምግብ ነው ይላል። በርበሬ ቢገባበትስ?

መልስ፦ ይገባል፣ ነገር ግን ሶሱ ላይ በርበሬ መነስነስ አይሆንም፣ ጥሬ ጥሬ ይላል። እሑድ ከሰዓት 1 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ከትፈሽ ያለ ዘይት በደንብ አቁላይ፣ ከዚያ ዘይትና በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨምረሽ ሽንኩርቱ እስኪጠፋ ድረስ አብስይው። ይሄን ቁሌት ሦስት ቦታ ከፍለሽ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጪ። በሥራ ቀን አንዱን አውጥተሽ በአንድ ብርጭቆ ውሃ አቅጥነሽ በነጭ ሶሱ ፋንታ ዶሮና ድንቹ ላይ ታፈሻለሽ። የተቀቀለ እንቁላል ጣል ካደረግሽበት ባለቤትሽ ዝም ብሎ ይበላል። ዶሮ ወጥ ብለሽ ግን አታቅርቢው። ዶሮ ወጥ የራሱ ሰዓትና የራሱ ክብር አለው፣ ይሄ ሌላ ምግብ ነው።

ጥያቄ፦ በጾም ቀንስ? ደግሞ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን እራት አብረውን ሲሆኑ ምን ላቅርብ?

መልስ፦ ለሁለቱም አንድ መልስ አለኝ። ያንኑ ትሪ ያለ ዶሮ ሥሪው። ተዘፍዝፎ አድሮ የተቀቀለ ሽምብራ፣ ድንች፣ ካሮት፣ ፎሶሊያ፣ ከላይ የቲማቲም ሶስ በዘይት። ድንቹን ግን ከቲማቲሙ በፊት ጨርሰሽ ቀቅይው፣ ምክንያቱን ከላይ ነግሬሻለሁ። ሁሉም ከአንድ ትሪ ይበላል።

ጥያቄ፦ የተረፈውን ለልጆች ምሳ መቋጠር ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፣ እኔም አደርገዋለሁ። እራት ካለቀ በኋላ ለ2 ሰዓት ያህል ጊዜ እንኳ አልፎ ውጭ አታቆዩት፣ ጠፍጠፍ ባለ ዕቃ ከፋፍላችሁ ፍሪጅ አስገቡት። እስከ 3 ቀን ይቆያል። መብራት ከጠፋ የፍሪጁን በር አትክፈቱ፣ ካልተከፈተ 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፣ ከዚያ በላይ ከቆየ ግን የዶሮውን ነገር ተዉት። ጠዋት ስታሞቁ ለብ ማለት ብቻ አይበቃም፣ መሐሉ እስኪተን አሙቁት፣ ሶሱ ከወፈረ ትንሽ ወተት ጠብ አድርጉበት። ትምህርት ቤት ማሞቂያ ከሌለ ደግሞ ፔርሙዝ ዓይነት ምሳ ዕቃ ውስጥ የፈላ ውሃ ለ5 ደቂቃ አቆይታችሁ ድፉትና ትኩሱን ምግብ ወዲያው ክተቱበት፣ እስከ ምሳ ሰዓት ትኩስ ሆኖ ይቆያል።