ከትራንዚስተሩ በፊት ትራንስፎርመሩን

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሐዋሳ ነው። ከአጎቴ የወረስኳቸው፣ ጀርባቸው ላይ «8 ኦም» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ሁለት የሳሎን ስፒከሮች አሉኝ። ለእነሱ የሚሆን አምፕሊፋየር በገዛ እጄ ልሠራ አስቤአለሁ። አንድ ነጋዴ በ2ኤስሲ 5200 እና በ2ኤስኤ 1943 ትራንዚስተሮች የተሠራ፣ «500 ዋት» የተባለ ሰሌዳ ከ24-0-24 ትራንስፎርመር ጋር አሳየኝ። ጓደኛዬ ግን ኤልኤም 3886 የተባለው አይሲ (ሙሉ አምፕሊፋየር በአንድ ቺፕ) ይሻልሃል ይለኛል፤ ቤቱ የተቀመጠ 30-0-30 ትራንስፎርመርም ሊሰጠኝ ነው። የትኛውን ልምረጥ? ለድምፅ ጥራት ሲባል ውድ ካፓሲተር መግዛትስ ግድ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የጓደኛህን ምክር ተቀበል፤ ትራንስፎርመሩን ግን አመስግነህ መልስለት።

በቅድሚያ ያን «500 ዋት» እንመርምረው። 24-0-24 ማለት ትራንስፎርመሩ ከመካከለኛው ሽቦ በሁለቱም በኩል 24 ቮልት ይሰጣል ማለት ነው። ይህ ቮልት ወደ ዲሲ (አቅጣጫው ወደማይለዋወጥ ኮረንት) ሲለወጥ በ1.41 ይባዛል፤ ዳዮዱ የሚበላው 1 ቮልት ያህል ሲቀነስለት በፖዘቲቭም በኔጋቲቭም በኩል 33 ቮልት ገደማ ይቀራል። አምፕሊፋየር ከዚህ በላይ ወደ ስፒከሩ ሊገፋ አይችልም። አሁን 33ን በራሱ አባዛና ለስፒከርህ ኦም እጥፍ፣ ማለትም ለ16 አካፍለው። የምታገኘው 68 ዋት ነው፤ ያውም ምንም ብክነት የለም ብለን ካሰብን። ስለዚህ 500 የሚለው ቁጥር በዚያ ትራንስፎርመርና በአንተ ስፒከር ፈጽሞ አይገኝም። ይህን ስሌት በቃልህ ያዘው፤ ማንም ሰሌዳ ሲያሳይህ እዚያው ቆመህ ልትሠራው ትችላለህ።

በትራንዚስተሮቹ ላይ ቅሬታ የለኝም። ትክክለኛው የቶሺባ 2ኤስሲ 5200 እስከ 230 ቮልትና 15 አምፔር የሚችል፣ በሙያው የተከበረ ዕቃ ነው። የሚያንገበግበኝ ሐሰተኛው ገበያውን መሙላቱ ነው። የተማሪ ገንዘብ ይዞ የሚሄድ ልጅ በስም ተታሎ ሲመለስ ማየት ያሳዝናል። ጥርጣሬ ካለህ ጽሑፉን በአሴቶን በራሰ ጥጥ እሸው፤ በቀለም የታተመ ከሆነ ይለቅቃል። ከዚያም በላይ እርግጠኛ ለመሆን ብዙ ከመግዛትህ በፊት አንዱን ሠውተህ ጥቁሩን ፕላስቲክ በፒንሳ ስበረውና ውስጡን እይ። ከመዳቡ ላይ የተለጠፈው ቺፕ ወርዱ 2 ሚሊሜትር እንኳ የማይሞላ ከሆነ 15 አምፔር አይሸከምም። እንዲህ ያለው ሙዚቃው ዝቅ ሲል ደህና ይመስላል፤ ከፍ ስታደርገው ተቃጥሎ ሾርት ያደርጋል፣ ኔጋቲቩን ወይም ፖዘቲቩን እንዳለ ወደ ስፒከርህ ይለቅቃል፣ የአጎትህ ስፒከርም አብሮ ይሄዳል።

ሌላም ምክንያት አለኝ። ነጠላ ትራንዚስተሮች ያለ ሙዚቃ የሚያልፍባቸውን መነሻ ኮረንት በሜትር እየለኩ ማስተካከልን ይጠይቃሉ፤ ያም ማስተካከያ ከሙቀቱ ጋር አብሮ መሄድ አለበት። ኤልኤም 3886 ይህን ሁሉ በውስጡ ይዟል፤ ከመጠን በላይ ሲግልና የስፒከር መውጫው ሾርት ሲያደርግ ራሱን የሚከላከልበት ዘዴም አለው። ለመጀመሪያ ሥራ ከዚህ የተሻለ አላውቅም፤ ለሁለተኛውም ቢሆን አላፍርበትም።

ወደ ትራንስፎርመሩ ልመለስ፤ ገንዘብህን በቅድሚያ ማፍሰስ ያለብህ እዚህ ላይ ነውና። 30-0-30 በስሌት 41 ቮልት ገደማ ይሰጣል። ነገር ግን ጭነት የሌለበት ትራንስፎርመር ከተጻፈበት ከ5 እስከ 10 በመቶ ከፍ ይላል። በዚያ ላይ የግድግዳው መብራት ሌሊት ጭነት ሲቀንስ ከ220 አልፎ 240 ሊደርስ ይችላል። ሁለቱ ሲደመሩ 49 እና 50 ቮልት ትደርሳለህ። አይሲው ሙዚቃ ሳይኖርበት የሚችለው የመጨረሻ ጣሪያ ከፖዘቲቭ እስከ ኔጋቲቭ 94 ቮልት፣ ማለትም በእያንዳንዱ በኩል 47 ነው፤ ሙዚቃ ሲኖርበት ደግሞ 42። ከዳዮዱ በኋላ ቮልቱን የሚያረጋጉት ባለ 50 ቮልት ካፓሲተሮችም በዚያ ሌሊት የመፈንዳት አደጋ ይገጥማቸዋል። ስለዚህ 20-0-20 ግዛ። 27 ወይም 28 ቮልት ታገኛለህ፤ አምራቹ በ28 ቮልትና በ8 ኦም የሚሰጠው ዋስትና 38 ዋት ነው። ለሁለቱ ቻናል፣ ማለትም ለግራና ለቀኝ ስፒከር፣ ባለ 160 ቪኤ (ቮልት ሲባዛ በአምፔር) ትራንስፎርመር ይበቃል፤ 200 ካገኘህ ደስ ይበልህ።

38 ዋት አነሰኝ እንዳትል። ከ40 ወደ 80 ዋት ብታሳድገው ጆሮህ የሚያገኘው ጭማሪ 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ይህም ልዩነቱ ለመታወቅ ያህል እንጂ ድምፁ እጥፍ ሆነ የሚያሰኝ አይደለም። ለሳሎን ከበቂ በላይ ነው።

ቀጥሎ ሙቀት ነው። እያንዳንዱ አይሲ በ28 ቮልትና በ8 ኦም ከባዱ ሰዓት ላይ 23 ዋት ገደማ ሙቀት ይተፋል። ስፒከርህ 4 ኦም ቢሆን ኖሮ ይህ ወደ 42 ያሻቅብ ነበር። ለሁለቱ አይሲ በጋራ በእያንዳንዱ ዋት ከ1 ዲግሪ ያልበለጠ የሚግል፣ ክንፎቹ ወፍራምና የተራራቁ አሉሚኒየም ፈልግ። ከተበላሸ አሮጌ ስቴሪዮ የተነቀለ ከሆነ በጣም ጥሩ ነው። አንድ ነገር ግን አትርሳ፤ በካታሎግ የሚጻፈው ቁጥር ለባሕር ጠለል ነው። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት፤ አየሩ ስለሚሳሳ ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ከ10 በመቶ በላይ ይቀንሳል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ስለዚህ ሁልጊዜ አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን ውሰድ፤ ክንፎቹንም ወደ ላይና ወደ ታች አቁማቸው እንጂ አታጋድማቸው።

አይሲውን ስትገዛ መጨረሻው ላይ ያለውን ፊደል ተመልከት። «ቲ» ብቻ የሚለው ጀርባው ባዶ ብረት ነው፤ ያ ብረትም ከኔጋቲቩ ጋር የተያያዘ ነው። «ቲኤፍ» የሚለው በፕላስቲክ የተሸፈነ ነው። «ቲ»ውን በቀጥታ አሉሚኒየሙ ላይ ብታስረው 28 ቮልት ኔጋቲቭ ወደ ሣጥንህ ገባ ማለት ነው። በመካከሉ ማይካ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያግድ ስስ ቅጠል፣ አድርግ፤ ማይካውን በሁለቱም ገጽ በስሱ የሙቀት ቅባት ቀባው፤ ብሎኑንም በፕላስቲክ ቀለበት አሳልፈው። ከዚያ መብራት ሳትሰጠው ቴስተርህን ኦም ላይ አድርገህ አንዱን ጫፍ በአይሲው ጀርባ፣ ሌላውን በአሉሚኒየሙ ላይ አሳርፍ። ንባብ ካለ ፍታውና እንደገና ሥራው። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ከቀዳዳው አፍ ላይ የቀረች የብረት ጭራሮ ናት፤ ማይካውን ትበሳዋለች።

ካፓሲተርን በተመለከተ፣ ውዱ ሳይሆን በቂው ይሻላል። ሁለቱም ቻናል በሙሉ ኃይል ሲሠሩ በእያንዳንዱ በኩል 2 አምፔር ያህል ይወጣል። 2,200 ማይክሮፋራድ ብታደርግ በየሞገዱ 9 ቮልት ገደማ ይዋዥቃል፤ ከ28 ቮልት ላይ 9 መውደቁ የድምፁን ጉልበት ይነጥቀዋል። 10,000 ብታደርግ 2 ቮልት ብቻ ነው። ስለዚህ በፖዘቲቭም በኔጋቲቭም በኩል 10,000 ማይክሮፋራድ፣ 50 ቮልት፣ ከተገኘም 105 ዲግሪ የሚለውን ግዛ። ከኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ የሚነቀሉት ትልልቆቹ ባለ 200 ቮልት ስለሆኑ ያታልሉሃል፤ የማይክሮፋራዳቸው መጠን ለዚህ ሥራ ጥቂት ነው።

«የኦዲዮ» ተብለው በወርቅማ ሽፋን የሚሸጡትን እለፋቸው። ለመግቢያው 2.2 ማይክሮፋራድ የፊልም ካፓሲተር፣ ለማጉያው መጠን 1 ኪሎ ኦምና 20 ኪሎ ኦም የሆኑ የሜታል ፊልም ሬዚስተሮች ይበቁሃል። ማጉያው 21 እጥፍ ይሆናል፤ ይህም 0.8 ቮልት ገደማ ሲገባለት ሙሉ ኃይሉን ይሰጣል። ይህን ያህል ከብዙ የሲዲ ማጫወቻዎች ይወጣል፤ ተጨማሪ ፕሪአምፕሊፋየር አያስፈልግህም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ ደግሞ ከአዲስ አበባ ነኝ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው እህቴ ክብ ትራንስፎርመር ላከችልኝ። በመግቢያው በኩል አራት ሽቦ አለው፤ ሁለት ጊዜ 115 ቮልት ይላል። በእኛ አገር መብራት ይሠራል?

መልስ፦ እህቴ፣ በደንብ ይሠራል፤ አገናኙን ከጠበቅሽ። በቅድሚያ ጽሑፉ ላይ «50/60 ኸርዝ» የሚል መኖሩን አረጋግጪ። የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ ነው፤ ለ60 ብቻ የተሠራ በእኛ 50 ላይ ይግላል፣ ያጉረመርማል።

አራቱ ሽቦዎች ሁለት ጥቅሎች ናቸው። አሜሪካ ጎን ለጎን ይገናኛሉ፤ እዚህ ግን በተርታ መያያዝ አለባቸው። ጎን ለጎን አድርገሽ 220 ብትሰኪው ይቃጠላል። ጥንዶቹን በቴስተር ለያቸው፤ ንባብ የሚሰጡሽ ሁለቱ የአንድ ጥቅል ጫፎች ናቸው። የመጀመሪያውን ጥቅል መጨረሻ ከሁለተኛው መጀመሪያ ጋር አያይዢ፤ የቀሩት ሁለት ጫፎች ወደ ግድግዳው ይሄዳሉ። የትኛው መጀመሪያ፣ የትኛው መጨረሻ እንደሆነ ካልተጻፈ፣ በአንደኛው መስመር ላይ ባለ ክር የድሮ አምፖል፣ 60 ወይም 100 ዋት፣ በተርታ አስገብተሽ ሞክሪው፤ ኤልኢዲ አይሆንም። የመውጫ ሽቦዎቹን ክፍት ተዪ፣ የተላጠ ጫፍ ሁሉ ተሸፍኖ ይቀመጥ። አምፖሉ ሲሰካ ብልጭ ብሎ ከጠፋ አገናኙ ትክክል ነው። ቦግ ብሎ ከቀጠለ ሁለቱ ጥቅሎች እርስ በርስ ተቃርነዋልና ከግድግዳው ንቀይውና የአንደኛውን ጥቅል ሁለት ጫፎች ቦታ አለዋውጪ። ያንኑ አምፖል አምፕሊፋየሩን ሠርተሽ ስትጨርሺም ለመጀመሪያው ማብሪያ ተጠቀሚበት፤ ስፒከር ከማገናኘትሽ በፊት ደግሞ መውጫው ላይ ያለውን ዲሲ ለኪ፤ ከ50 ሚሊቮልት በላይ ካነበበ ስፒከሩን አታገናኚው።