ቤተስዳ ለሚሠራ ቤተሰብ የትኛው ሰፈር ይሻላል? ከቤቱ ቁጥር ጀምሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ባለቤትሽ ከዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ባለችው በሜሪላንዷ ቤተስዳ ሥራ አግኝቶ ከዴንቨር ልትመጡ ነው። ታላቁ ልጅ 14 ዓመቱ ነው፣ ከአዲስ አበባ ከመጣም ገና ዓመት አልሞላውም፤ ትንሿ ደግሞ 4 ዓመቷ ነው። ጥሩ ትምህርት ቤትና ፓርክ ያለው ቨርጂኒያ ያለው አሌክሳንድሪያ ነው ወይስ ሜሪላንድ ያለው ሲልቨር ስፕሪንግ ብለሻል። እኔ ልጆቼን ያሳደግኩት ሜሪላንድ፣ ዊተን አካባቢ ስለሆነ የማውቀውን ልንገርሽ።

አሌክሳንድሪያን ለጊዜው ተይው። ክፉ ሰፈር ሆኖ አይደለም፤ ሐበሻው ብዙ ነው፣ የከተማው አውቶቡስም ከ2021 ጀምሮ በነፃ ነው። ነገር ግን ባለቤትሽ ጠዋትና ማታ በቤልትዌይ፣ ማለት ዲሲን በሚዞረው አውራ ጎዳና፣ የፖቶማክን ወንዝ መሻገር ሊኖርበት ነው። በዚያ መንገድ የሚመላለስ አባት ልጆቹን ፓርክ የሚያወጣበት ሰዓት አይተርፈውም። ሥራው ሜሪላንድ ከሆነ ቤቱም ሜሪላንድ ይሁን።

አሁን ዋናው ነገር። እዚህ አገር ልጅሽ የሚገባበትን ትምህርት ቤት የሚወስነው የሰፈሩ ስም ሳይሆን የቤትሽ ቁጥር ነው። «ሲልቨር ስፕሪንግ» የሚለው የፖስታ አድራሻ በጣም ሰፊ ነው፤ ከዲሲ ድንበር ተነስቶ ወደ ሰሜን ርቆ ይሄዳል፣ በአንዳንድ ቦታም የራሱን ካውንቲ ሞንጎመሪን አልፎ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ይገባል። ቨርጂኒያም እንደዚሁ ነው፤ አድራሻው አሌክሳንድሪያ የሚል ቤት ብዙ ጊዜ በፌርፋክስ ካውንቲ ሥር ይገኛል። ስለዚህ ቤት ሲታይሽ ከቤቱ ቁጥር ጀምሮ ሙሉ አድራሻውን የሞንጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ድረ ገጽ ላይ አስገቢና ኤሊመንታሪውን፣ ሚድል ስኩሉንና ሃይ ስኩሉን ለይተሽ እዪ። አከራዩ ወይም ኤጀንቱ የነገረሽን ብቻ አትመኚ። ተዘግቶ የነበረው ዉድዋርድ ሃይ ስኩል እንደገና ሊከፈት ስለሆነ የትኛው ቤት ለየትኛው ትምህርት ቤት እንደሚደርስ የሚለየው ድንበርም እየተነካካ ነው፤ ያሁኑን ብቻ ሳይሆን የሚቀጥለውን ዓመትም ጠይቂ።

ኢንተርኔት ላይ ለየትምህርት ቤቱ ከ10 የሚሰጠው ነጥብ ብዙዎቻችንን ያስደነግጠናል። ያ ነጥብ በአብዛኛው የፈተና ውጤት ነው። እንግሊዝኛ ገና የሚማሩ ልጆች የበዙበት ትምህርት ቤት መምህራኑ ጎበዝ ሆነውም ነጥቡ ዝቅ ይላል። ለታላቁ ልጅሽ ደግሞ የሚያስፈልገው እንዲህ ዓይነቱን ልጅ ማስተማር የለመደ ትምህርት ቤት ነው፤ 9 ያገኘ ግን እንደሱ ያለ ልጅ እምብዛም አይቶ የማያውቅ ትምህርት ቤት ሊጎዳው ይችላል። ይህን ከልቤ ነው የምልሽ። ይልቅ ልጆች በሚለቀቁበት ሰዓት በሩ ላይ ቁሚ። መንገድ የሚያሻግር ሰው አለ? አንዲት እናት በተሰባበረ እንግሊዝኛ ስትጠይቅ ቢሮ ያለችው ሠራተኛ ቀና ብላ ትመልስላታለች ወይስ ወረቀት ብቻ ትገፋላታለች? ከዚያ የተማሪዎች አማካሪውን (ካውንስለሩን) አግኝተሽ የአዲስ አበባው የውጤት ማስረጃ (ትራንስክሪፕት) ለመመረቂያ ስንት ክሬዲት እንደሚያዝለት፣ የእንግሊዝኛ ድጋፉም በቀን ስንት ክፍለ ጊዜ እንደሆነ ጠይቂው። አስተርጓሚ መጠየቅ መብትሽ ነው፤ ካውንቲው ለወላጅ የሚልካቸውን ዋና ዋና መረጃዎች በአማርኛም ያወጣል።

ለምዝገባ የኪራይ ውል (ሊዝ)፣ የልደት ምስክር ወረቀትና የክትባት ካርድ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ዘመድ ቤት የምታርፉ ከሆነ አትጨነቂ፤ ለደባል ነዋሪ የሚሞላ ፎርም አለ፣ ዘመድሽ አብሮሽ ይሞላዋል። የትንሿን የልደት ቀን ግን አልነገርሽንም። ሜሪላንድ ኪንደርጋርተን ለመግባት እስከ ሴፕቴምበር 1 አምስት ዓመት መሙላት አለባት፤ ቨርጂኒያ እስከ ሴፕቴምበር 30 ነው።

ሰፈሩን በተመለከተ የእኔ ምርጫ ከሲልቨር ስፕሪንግ ጎን ያሉት ዊተንና ኬንሲንግተን አካባቢ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ዊተንም ቤተስዳም የሜትሮ ባቡሩ ሬድ ላይን ላይ ናቸው፣ ይሁን እንጂ ባቡሩ ዲሲ መሃል ገብቶ ዞሮ ነው የሚመለሰው። የሁለቱን ወገን በአቋራጭ የሚያገናኘው አዲሱ የባቡር መስመር ፐርፕል ላይን ገና በግንባታ ላይ ነው። መኪና ካላችሁ በኬንሲንግተን በኩል ቅርብ ነው፤ ከሌላችሁም ራይድ ኦን አውቶቡስ አለ፣ ከ2025 ጀምሮ ደግሞ ለሁሉም በነፃ ሆኗል። ባለቤትሽ የግድ በባቡር የሚሄድ ከሆነ ግን ሮክቪልና ትዊንብሩክ ይሻሉታል፤ ከዚያ ቤተስዳ ቀጥታ ነው። ሐበሻው ግን እንደ ሲልቨር ስፕሪንግ አይበዛም።

ዊተንን የምወደው ስለ ፓርኩ ነው። ዊተን ሪጅናል ፓርክ ትልቅ መጫወቻ፣ ልጆች የሚሳፈሩበት ትንሽ ባቡርና የሚሽከረከሩ የእንጨት ፈረሶች አሉት። ብሩክሳይድ ጋርደንስም እዚያው ነው፣ መግቢያው ነፃ ነው። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላቸውን ያላወለቁ እናቶች አግዳሚው ላይ የምሳ ዕቃቸውን ሲፈቱ ታያለሽ፤ ትንሿ እንደኔ ልጆች አማርኛዋን እዚያ ከእኩዮቿ ጋር ትለማመዳለች። ብስክሌት ለማስተማር የስላይጎ ክሪክ ፓርክ ይሻላል፤ ቅዳሜና እሁድ የመንገዱ የተወሰነ ክፍል ለመኪና ይዘጋል፣ ልጁ ወንዙን ይዞ እንደልቡ ይነዳል። ፓርክ በመኪና 20 ደቂቃ ከራቀ በሥራ ቀን አትሄጂበትም፣ ስለዚህ ቤት ስታዪ ቅርብ ያለው ሜዳ በእግር ስንት ደቂቃ እንደሆነ ራስሽ ተራምደሽ እዪው። ማታም አንዴ ተመለሺበት።

ኪራይን በተመለከተ፣ ሞንጎመሪ ውስጥ ከ2024 ጀምሮ ብዙ ቤቶች ላይ የዓመቱ ጭማሪ ከ6 በመቶ እንዳይበልጥ ሕግ አለ። አዳዲስ ሕንፃዎችን ግን አይነካም፤ ስለዚህ ሕንፃው መቼ እንደተሠራ ጠይቂ። አሮጌ ግን በደንብ የተያዘ አፓርትመንት ለእናንተ ያዋጣል፤ በየዓመቱ በኪራይ ምክንያት ትምህርት ቤት የሚቀያይር ልጅ ጓደኛም ትምህርትም አይረጋለትም።

አይታችሁ የወደዳችኋቸውን ሁለት ሦስት አድራሻዎች በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚደርሳቸው አብረን እናያለን። የትንሿን የልደት ቀንም ጨምሪበት።