ልጃችንን እስክናገኝ ቦጎታን እንዞር ወይ ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የዛን ጊዜዋ እኔ ትዝ አለችኝ። «በማደጎ ከምንወስደው ልጃችን ጋር ከመገናኘታችን በፊት የኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ ላይ አራት ቀን አለን፤ ሆቴል ቁጭ እንበል ወይስ እንዞር? እሱ እየጠበቀን እኛ ስንዝናና ነውር መሰለኝ» ብለሻል። ምንም ነውር የለውም። ውጡ። እኛም ከሜሪላንድ ሄደን የዘጠኝ ዓመት ልጃችንን ያመጣነው ከዚያው ነው። የመጀመሪያውን ቀን ሆቴል ውስጥ ግድግዳ ስናይ ውለን ልናብድ ምንም አልቀረንም። እናቴ ናት በስልክ «አገሩን ሳታዩ ልጁን ብቻ አንጠልጥላችሁ ልትመጡ ነው?» ብላ ያስወጣችን።

ስትደርሱ ግን ቀስ በሉ። ቦጎታ 2,640 ሜትር ላይ ናት። የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ ብለሽ እንዳትዘናጊ፣ አሜሪካ ስትኖሪ ሰውነትሽ ከፍታውን ረስቶታል። ባለቤቴ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ አጠረው፣ እኔን ራሴን ፈለጠኝ። ጃኬትና ጃንጥላ አይለያችሁ።

ከሁሉም የወርቅ ሙዚየሙን አደራ። ሙይስካ የሚባሉት የአካባቢው ነባር ሕዝቦች የሠሩት ትንሽ የወርቅ ታንኳ አለ። እ.ኤ.አ. በ1969 ዋሻ ውስጥ የተገኘ ነው፣ ርዝመቱ 20 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። መሃሉ ላይ አለቃው አለ፣ ዙሪያውን ጥቃቅን ሰዎች ከበውታል፣ ጌጣቸው ሳይቀር ይታያል። መስታወቱ ላይ ተለጥፌ ስንት ደቂቃ እንደቆምኩ አላውቅም። እስከዚያ ቀን ስለ ልጄ የማውቀው ፋይሉ ላይ የተጻፈውን ብቻ ነበር፣ ያውም አብዛኛው ሐዘን ነው። እዚያ ቆሜ ግን «ይሄም የሱ ነው» አልኩና እንባዬ መጣ። ዛሬ ስለ አገሩ ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የማወራለት ስለዚያች ታንኳ ነው።

እሁድ ከዋለላችሁ ደግሞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት ዋና ዋና መንገዶች ለመኪና ይዘጋሉ፣ ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ለብስክሌትና ለእግረኛ ይለቀቃል። እንደ አዲስ አበባው «መንገድ ለሰው» በይው፣ እነሱ ግን ከ1974 ጀምሮ ይዘውታል። የኮሎምቢያዊው ሠዓሊ የቦቴሮ ሙዚየምም በነፃ ነው።

አሁን የኛን ስህተት ልንገርሽ። ከመገናኘታችን በፊት በነበረው ቀን ዚፓኪራ ሄድን። ጨው ማዕድን ውስጥ፣ 180 ሜትር ገደማ ከመሬት በታች የተሠራ ካቴድራል ነው፣ በጣም ያምራል። ግን እዚያ ውስጥ ስልካችን አይሠራም ነበር። ስንወጣ አምስት ያመለጠ ጥሪ! ለካ ከልጁ ጋር የምንገናኝበት ሰዓት ከከሰዓት ወደ ጠዋት ተቀይሯል፣ የሚያገናኙን ሰዎች ማረጋገጫ የሚሰጥ ሰው ጠፋ ብለው ተጨንቀዋል። በዚያ ትራፊክ ቦጎታ እስክንመለስ ልቤ አፌ ውስጥ ነበር። ስለዚህ የመጨረሻውን ቀን ከከተማ አትውጡ፣ ስልክ ቻርጅ አድርጉ። ያን ምሽት ይልቅ «ራበኝ»፣ «አመመኝ»፣ «ሽንት ቤት» የሚሉትን በስፓኒሽ አጥኑ። ሌላው ቀስ ብሎ ይመጣል፣ እነዚህ ግን የመጀመሪያው ቀን ነው የሚያስፈልጉት።

ደግሞ ሁሉንም አትጨርሱት። ከተገናኛችሁ በኋላም ፍርድ ቤቱ ወስኖ፣ ፓስፖርቱና ቪዛው እስኪያልቅ ሳምንታት እዚያው ናችሁ። እኛ ሞንሴራቴ ተራራን ለሱ ብለን አቆየነው። በኬብል ካር 3,152 ሜትር ላይ ወጣን፣ ከተማዋ በሙሉ ከሥር ተዘረጋች። እስከዚያ ቀን ከኔ ጋር ብዙም አያወራም ነበር። አጥሩን ይዞ ትንሽ ዝም አለና እጄን ጎተተኝ። በጣቱ ትምህርት ቤቱ ያለበትን አቅጣጫ፣ ኳስ የሚጫወትበትን ሜዳ እያሳየ «አያ! አያ!» ይለኛል፣ እዚያ፣ እዚያ ማለቱ ነው። እኔ ከዚያ ርቀት ምንም አልታየኝም፣ እጄን ግን እስክንወርድ አልለቀቀውም።