አባ ሰንጋንና እርጎን አንድ ያደረገብኝ ቁጥር

እህቴ፣ «60 የባክቴሪያ ጂኖም (የእያንዳንዱን ሙሉ ዲኤንኤ) አውርጃለሁ፤ የጂሲ መጠናቸውን አስልቼ በስታትስቲክስ በየወገናቸው ልመድባቸው እችላለሁ ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም ደብረ ብርሃን ማስተርሴን ስሠራ የጀመርኩት ከዚያው ነው። የተሰናከልኩበትን ልንገርሽ።

ጂሲ ከዲኤንኤው አራት ፊደላት የጂና የሲ ድርሻ መሆኑን ታውቂያለሽ። በጣም የተራራቁትን ይለያል። ስታፊሎኮከስ ኦሬስ 33 በመቶ አካባቢ ነው፣ ኢ. ኮላይ 51 አካባቢ፣ የአፈሮቹ ስትሬፕቶማይስስ ደግሞ ከ70 ያልፋሉ። እስከዚህ ደስ ይላል። ግን የአባ ሰንጋ ባክቴሪያ 35 በመቶ ገደማ ነው። እርጎ ውስጥ የምትገኘዋ ላክቶኮከስ ላክቲስም 35 ገደማ ናት። በጂሲ ብቻ ከሄድሽ በግ የሚገድለውና ቅል ውስጥ የረጋው አንድ ላይ ይመደባሉ! የመንዝ በግን በቀለሙ ብቻ ማን ይገዛል? ላቱም ጠጉሩም ይታያል እንጂ።

ስለዚህ አራት አራት ፊደል እየወሰድሽ ቁጠሪ። 256 ዓይነት ጥምረት አለ። ዲኤንኤ ድርብ ክር ስለሆነ እያንዳንዱን ከተቃራኒው ክር አቻው ጋር ስታዋህጂው 136 ይቀራል። ሰው ምን እንዳወራ ሳትሰሚ በአነጋገሩ ብቻ አገሩን እንደምታውቂው ነው፤ የመንዝ ልጅ አፉን ሲከፍት ያስታውቃል አይደል? የሒሳብ ሊቁ ሳሙኤል ካርሊንና ባልደረቦቹ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ በሁለት ሁለት ፊደል ይህንኑ ሠርተው የጂኖም ፊርማ ብለውታል። ከእነሱ አንድ ነገር ውሰጂ፦ የቆጠርሽውን ከፊደላቱ ድርሻ አንጻር ይጠበቅ ለነበረው ቁጥር አካፍይው። ካላካፈልሽ ጂሲ በጓሮ በር ተመልሶ ይገባል።

አሁን ወደ ጉዴ። ጂኖሞቹን በየ5 ሺህ ፊደሉ ቆራረጥኳቸው። ሁሉንም ደባለቅኩና ገሚሱን ለማሰልጠኛ፣ ገሚሱን ለፈተና አደረግኩ። ራንደም ፎረስት የሚባለውን፣ ከማሰልጠኛው ተምሮ የሚመድብ የኮምፒውተር ዘዴ ለቀቅኩበት። ውጤቱ መቶ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። በዚያ ብርድ ሌሊት ጋቢዬን ደርቤ ብቻዬን ሳቅኩ። ጠዋት አድቫይዘሬ አንዲት ጥያቄ ጠየቁኝ፦ «ከአንድ ጂኖም የተቆረጠ ቁራጭ በማሰልጠኛውም በፈተናውም አለ?» መልሱ፣ አዎ፣ ነበር። ሞዴሌ ፈተናውን ከነመልሱ አጥንቶ የገባ ተማሪ ነበር።

እንደገና ጀመርኩ። የምመድበው በቤተሰብ ደረጃ (ቤተሰብ ጂነሶችን፣ ጂነስ ደግሞ ዝርያዎችን ይይዛል) ስለነበር አንዳንድ ጂነሶችን ከነዘር ማንዘራቸው ከማሰልጠኛው አውጥቼ ለፈተና ብቻ አስቀረሁ። ውጤቱ እንደ ጣርማበር ቁልቁለት ወረደ። ቴሲሴ ላይ የገባው ግን እሱ ነው። ኮዱን ለማስተካከል አንድ ከሰዓት በቂ ነበር፤ ሁለት ሳምንት የፈጀብኝ ኩራቴን መዋጥ ነው።

ፒሲኤውን፣ ማለትም 136ቱን ቁጥሮች ወደ ሁለት ሦስት አጠቃልሎ በሥዕል የሚያሳየውን ዘዴ፣ መጀመሪያ ሥሪውና በዓይንሽ እዪው። የተሳሳተ ስም የተለጠፈበት ጂኖም ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ብቻውን ተነጥሎ ይታያል።

የአባ ሰንጋውን ባክቴሪያ ከቅርብ ዘመዱ ከባሲለስ ሴሪየስ በዚህ መንገድ ለመለየት ግን አትድከሚ። ክሮሞሶማቸው እጅግ ተመሳሳይ ነው። ዋናውን ጉዳት የሚያደርሱት ጂኖች ያሉት ፒኤክስኦ1 እና ፒኤክስኦ2 በሚባሉት ፕላዝሚዶች (ከክሮሞሶሙ ውጭ ያሉ ክብ ዲኤንኤዎች) ላይ ስለሆነ እነሱን በቀጥታ ፈልጊ። ለዝርያ ደረጃ ደግሞ ኤኤንአይ (የሁለት ጂኖሞች ፊደላት አማካይ መመሳሰል) አስልተሽ 95 በመቶ አካባቢ ያለውን ወሰን ተጠቀሚ።

ያወረድሻቸው ጂኖሞች ሙሉ ናቸው ወይስ ቁርጥራጭ? ከ1 ሺህ ፊደል በታች የሆነ ቁራጭ ከበዛ 136ቱ ቁጥሮች በጣም ትንንሽና በአጋጣሚ የሚዋዥቁ ስለሚሆኑ ሌላ ዘዴ እንፈልጋለን።