ቶርክ ማኔጅመንት ቢጠፋ ኮርቬት ምን ያህል ይፈጥናል?

ጥያቄ፦ የተከበሩ አዘጋጅ፣ አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው የ2002 ሸቭሮሌ ኮርቬት አለኝ። ሞተሩ፣ ካምቢዮውና የ2.73 ምጣኔ ያለው ዲፈረንሻሉ ከፋብሪካ እንደወጡ ናቸው፤ ጎማውም ተራ የመንገድ ጎማ ነው። በሜሪላንድ ኢንተርናሽናል ሬስዌይ ሩብ ማይሉን በ13.4 ሰከንድ ይጨርሳል፤ የመጨረሻውን መስመር ሲያልፍ ፍጥነቱ በሰዓት 106 ማይል ነው። አንድ የማውቀው መካኒክ በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን ቶርክ ማኔጅመንት ሙሉ በሙሉ ቢያጠፋልኝ ግማሽ ሰከንድ እንደሚቀንስልኝ ነገረኝ። ይህ እውነት ነው? ካምቢዮውንስ ይጎዳብኛል?
አንባቢ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ግማሽ ሰከንድ አያገኙም። በእርስዎ መኪና ላይ የሚገኘው ትርፍ ከአንድ አስረኛ ሰከንድ በታች ነው፤ ያም ቢሆን ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ የሚመጣው ከአንድ የማርሽ ለውጥ ብቻ ነው።

ቶርክ ማኔጅመንት የሚባለው፣ ካምቢዮው ማርሽ በሚቀይርበት ቅጽበት የሞተሩ ኮምፒውተር የሞተሩን የመዞር ኃይል ለአፍታ ዝቅ የሚያደርግበት ሥርዓት ነው። ዋናው ዘዴው የካንዴላውን ብልጭታ ማዘግየት ነው፤ ብልጭታው ሲዘገይ የተቃጠለው ጋዝ ፒስተኑን በሚገባ ሳይገፋው ይቀርና ጉልበቱ በከፊል ሙቀት ሆኖ በጭስ ማውጫው ይወጣል። ከ1997 ወዲህ ኮርቬት ላይ የነዳጅ ፔዳሉ ከሞተሩ ጋር የሚገናኘው በገመድ ሳይሆን በኤሌክትሪክ ስለሆነ፣ ኮምፒውተሩ ካስፈለገው የአየር መግቢያውንም በራሱ ማጥበብ ይችላል። የማርሽ ለውጡ ካለቀ በኋላ ግን ሞተሩ ሙሉ ኃይሉን መልሶ ያገኛል። በዚህም ምክንያት ሥርዓቱን ማጥፋት አንዲትም የፈረስ ጉልበት አይጨምርም፤ በዳይኖ (የሞተር ጉልበት መለኪያ መሣሪያ) ላይ በሦስተኛ ማርሽ ብቻ የተለካ መኪና ከማጥፋቱ በፊትም ሆነ በኋላ ያው ነው።

እንግዲህ ጥያቄው መኪናዎ በሩብ ማይል ውስጥ ስንት ጊዜ፣ በምን ፍጥነት ላይ ማርሽ ይቀይራል የሚለው ነው። የካምቢዮው አንደኛ ማርሽ ምጣኔ 3.06፣ የሁለተኛው 1.63፣ የሦስተኛው 1.00 ነው። በ2.73 ዲፈረንሻል፣ በደቂቃ 6,000 ዙር አካባቢ የሚቀይር ከሆነና የቶርክ ኮንቨርተሩን (ሞተሩንና ካምቢዮውን በዘይት የሚያገናኘውን ክፍል) መንሸራተት ከቀነስን፣ አንደኛው ማርሽ የሚያልቀው በሰዓት 53 ማይል ገደማ፣ ሁለተኛው ደግሞ 100 ማይል ገደማ ላይ ነው። የማርሽ ለውጡ ሦስት አስረኛ ሰከንድ ወሰደ፣ በዚያ ጊዜም ኃይሉ በ40 በመቶ ቀነሰ ብለን እናስላ። መኪናው የ0.12 ሰከንድ ያህል ሥራ አጣ ማለት ነው። ይህ 0.12 ሰከንድ ግን እንዳለ ወደ መጨረሻው ሰዓት አይዞርም፤ ምክንያቱም መኪናው በዚያ ጊዜም በ53 ማይል ወደፊት መሄዱን አላቆመም። በዚያች ቅጽበት የተሸፈነው ርቀት መጨረሻው መስመር ላይ በ106 ማይል ሲታሰብ የጠፋውን ጊዜ ግማሽ ይመልሳል፤ የሚቀረው ኪሳራ 0.06 ሰከንድ ነው። ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ የሚደረገው ለውጥ ደግሞ 100 ማይል ላይ፣ መጨረሻው መስመር ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ስለሚሆን፣ በዚሁ ስሌት የሚያስከፍለው ከአንድ መቶኛ ሰከንድ ያነሰ ነው። ባለ 3.15 ዲፈረንሻል ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ለውጦች ቀደም ብለው ስለሚመጡ ድምሩ 0.09 ሰከንድ አካባቢ ይደርስ ነበር። የእኔ ግምት ስለ ለውጡ ርዝመት ወይም ስለ ኃይሉ መቀነስ ትንሽ ቢዛነፍ እንኳ፣ ግማሽ ሰከንድ የሚያወጣ ምንም መንገድ የለም።

ትልቁ ሰዓት ያለው በመጀመሪያዎቹ 60 ጫማዎች ላይ ነው። እዚያ የሚቆጥቧት አንዲት አስረኛ ሰከንድ መጨረሻው ላይ ወደ አንድ ተኩል አስረኛ ወይም ከዚያ በላይ እንደምትሆን ተወዳዳሪዎች ሁሉ ያውቁታል። በመንገድ ጎማ የሚነሳ ኮርቬት ግን ችግሩ የኃይል ማነስ ሳይሆን ጎማው አስፋልቱን አለመንከሱ ነው። መካኒክዎ መነሻው ላይ ያለውንም የኃይል ገደብ አብሮ ካጠፋው፣ የኋላ ጎማዎቹ በከንቱ ይሽከረከሩና ሰዓቱ ከ13.4 ሊብስ ይችላል። ለዚህ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ለድራግ (ለአጭር ርቀት የቀጥታ መስመር ውድድር) የተሠሩ የሚለጥፉ የኋላ ጎማዎችን ቢገዙ ልዩነቱን በዓይንዎ ያያሉ።

ለውጡን ቢያስደርጉ ደግሞ ከሩጫው በኋላ በሚሰጥዎ የሰዓት ወረቀት ላይ የቱን ቁጥር እንደሚያዩ ልንገርዎ። መኪናዎ 53 ማይል የሚደርሰው በ60 ጫማው እና በ330 ጫማው መለኪያ መካከል ነው። ስለዚህ ከ330 ጫማው ሰዓት ላይ የ60 ጫማውን ቀንሱና ልዩነቱን ከቀድሞው ወረቀት ጋር ያወዳድሩ። ያ ልዩነት ካላጠረ፣ የተሻለው ሰዓት የመጣው ከአነሳስዎ ወይም ከአየሩ መቀዝቀዝ እንጂ ከኮምፒውተሩ አይደለም። የመጨረሻው ፍጥነትም ከአንድ ማይል በታች ነው የሚለወጠው፤ ሦስት ማይል ጨመረልኝ የሚል ሰው የለካው የአየሩን ሁኔታ ነው። በአንድ ምሽት፣ በአንድ ዓይነት የጎማ ንፋስ፣ ሞተሩ ተመሳሳይ ሙቀት ላይ እያለ፣ ሁለቱን ፕሮግራሞች እያፈራረቁ መሮጥ ግድ ነው።

ወደ ካምቢዮው ልምጣ። ይህ ካምቢዮ 4ኤል60-ኢ ይባላል። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ሲቀይር ባንድ የሚባል የብረት ቀበቶ በካምቢዮው ውስጥ ያለውን ከበሮ አጥብቆ ይይዛል፤ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ሲቀይር ባንዱ ይለቅና የሦስተኛና የአራተኛ ማርሽ ፍሪሲዮኖች ይይዛሉ። እነዚህ ፍሪሲዮኖች የዚህ ካምቢዮ የታወቁ ደካማ ጎኖች ናቸው። እስኪይዙ ድረስ በተንሸራተቱ ቁጥር ይግላሉ፤ ሞተሩ በዚያች ቅጽበት ሙሉ ኃይሉን ከሰጠ የበለጠ ይግላሉ። ጄኔራል ሞተርስ ራሱ ከ2001 ጀምሮ የዚህኑ ሞተር የመዞር ኃይል በማንዋል ካምቢዮ 508፣ በአውቶማቲክ ግን ዝቅ አድርጎ 488 ኒውተን ሜትር ብሎ መዝግቦታል።

ስለዚህ ምክሬ ግልጽ ነው። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ በሚደረገው ለውጥ ላይ ያለውን ቅነሳ በግማሽ ያሳንሱት፤ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ያለውን ግን ጨርሶ አይንኩት፤ ምንም ሰዓት በማያተርፍበት ቦታ ላይ ደካማውን ፍሪሲዮን ማቃጠል አያዋጣም። ከዚሁ ጋር የካምቢዮው የዘይት ግፊት በመጠኑ ከፍ ይበል፤ አለበለዚያ ባንዱ በበለጠ ኃይል ሥር ለረጅም ጊዜ ይንሸራተታል። መካኒኩ ፕሮግራሙን ከመቀየሩ በፊት የፋብሪካውን ፋይል ኮፒ አድርጎ ያስቀምጥልዎ፤ ሲጽፍም ባትሪው ቻርጀር ላይ ይሁን።

ጥያቄ፦ እኔ የኮርቬቴን የትራክሽን ኮንትሮል ቁልፍ ተጭኜ አጠፋለሁ። ቶርክ ማኔጅመንቱም አብሮ ይጠፋል?
አንባቢ፣ ከዳላስ

መልስ፦ አይጠፋም። ትራክሽን ኮንትሮል የጎማዎቹን ፍጥነት እየለካ መሽከርከራቸውን የሚገታ ሌላ ሥርዓት ነው። አክቲቭ ሃንድሊንግ ባለው ኮርቬት ላይ ቁልፉን ለአምስት ሰከንድ ያህል ተጭነው ሲይዙ የውድድር አነዳድ የሚባለው ሁኔታ ይበራል፤ ያን ጊዜ ትራክሽን ኮንትሮሉ ይቆምና መኪናው እንዳይንሸራተት የሚጠብቀው ክፍል ሥራውን ይቀጥላል። የማርሽ ለውጡ ቅነሳ ግን በሞተሩ ኮምፒውተር ሰንጠረዦች ውስጥ ስላለ የትኛውም ቁልፍ አይደርስበትም፤ የሚለወጠው ኮምፒውተሩ እንደገና ፕሮግራም ሲደረግ ብቻ ነው።