ገደቡን ከማውረድህ በፊት ሄደሩን አንብብ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህ እንደገባኝ ሜይል ሰርቨራችሁ ላይ ፖስትፊክስን (ኢሜይል የሚቀበለውንና የሚልከውን)፣ ስፓምአሳሲንን (ለእያንዳንዱ ኢሜይል የስፓም ነጥብ የሚሰጠውን) እና አማቪስን (ሁለቱን የሚያገናኘውን) ነው የምትጠቀሙት። የደንበኛ ፕሮፎርማ ስፓም ተብሎ ይያዛል፣ የሎተሪና የብድር ቆሻሻው ኢንቦክስ ይደርሳል። ኢሜይል ስፓም የሚባልበትን የነጥብ ገደብ ከ5 ወደ 3 አውርደሃል፣ አሁን ደግሞ 2 ላድርገው ወይ ነው ያልከው። አታድርገው። እንዲያውም ዛሬውኑ ወደ 5 መልሰው፣ ምክንያቱም ፕሮፎርማህን እያስበላህ ያለው ራሱ 3ቱ ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ ያለአግባብ የተያዘ አንድ ኢሜይል ከፍተህ ሄደሩ (ከኢሜይሉ ጋር የሚመጣው ቴክኒካዊ መረጃ) ውስጥ ኤክስ-ስፓም-ስታተስ (X-Spam-Status) የሚለውን መስመር እይ። የትኛው ሩል (ነጥብ የሚሰጥ ደንብ) እንደነካው እዚያ ተዘርዝሯል። ኢንቦክስ የገባ አንድ ስፓምም እንደዚሁ እይ። ዩአርአይቢኤል-ብሎክድ (URIBL_BLOCKED፣ የጥቁር መዝገብ ጥያቄህ ታግዷል ማለት ነው) የሚል ካገኘህ ሰርቨርህ ዲኤንኤስ የሚጠይቀው በ8.8.8.8 (የጎግል) ወይም በመሰል የሕዝብ ሪዞልቨር (ለሁሉም ክፍት የሆነ የዲኤንኤስ መላሽ) በኩል ሳይሆን አይቀርም። የስፓመሮችን ጥቁር መዝገብ የሚይዙት አገልግሎቶች በዚያ በኩል ለሚመጣ ጥያቄ ትክክለኛ መልስ አይሰጡም፣ ስለዚህ ስፓሙ ሰተት ብሎ ይገባል። መፍትሔው ሰርቨሩ ላይ አንባውንድ የተባለውን የራስህ ሪዞልቨር መጫን ነው፤ ግን ወደ ሌላ ሪዞልቨር ፎርዋርድ እንዳያደርግ፣ አለዚያ ዞሮ ዞሮ ያው ነው። ሰው ይቺን ትቶ አዲስ ሩል ሲጽፍ ይከርማል!

ስፓምሃውስ የተባለውን ጥቁር መዝገብ ፖስትፊክስ ውስጥ በቀጥታ ካስገባኸው ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። በሕዝብ ሪዞልቨር ሲጠየቅ 127.255.255.254 ብሎ ሊመልስ ይችላል። ይሄ የስህተት ኮድ ነው፣ ላኪው ስፓመር ነው ማለት አይደለም። ፖስትፊክስ ግን የትኛውን ኮድ እንደሚቀበል ካልነገርከው ማንኛውንም መልስ እንደ ጥፋት ቆጥሮ ጤነኛውን ሁሉ ከበር ይመልሳል።

ሁለተኛው የሚታየው ቤይስ ነው፣ ስፓምአሳሲን ከምታሳየው ኢሜይል ስፓምና ጤነኛውን መለየት የሚማርበት ክፍል። ቢያንስ 200 ስፓምና 200 ጤነኛ ኢሜይል ካልተማረ ምንም ነጥብ አይሰጥም። አማርኛውንም እንግሊዝኛውንም፣ በተለይ ፕሮፎርማና ደረሰኝ ያለበትን ጤነኛ ኢሜይል መግበው። ስታስተምረው በሩት (በዋናው አስተዳዳሪ አካውንት) ሳይሆን ፊልተሩ በሚሠራበት ዩዘር ይሁን። በሩት ካስተማርከው ትምህርቱ ሌላ ዳታቤዝ ውስጥ ይቀመጣል፣ አማቪስ አያየውም፣ አንተም "ቤይስ አይሠራም" ትላለህ።

ከአንተ በፊት የነበረው አድሚን የቋንቋ ማጣሪያውን፣ ቴክስትካትን፣ አብርቶ እንግሊዝኛ ብቻ ፈቅዶ እንደሆነም እይ። እንደዚያ ከሆነ በአማርኛ የተጻፈ ኢሜይል በቋንቋው ብቻ 2.8 ነጥብ ሊሸከም ይችላል። ገደቡ 3 ላይ ሲሆን ምን እንደሚቀረው አስበው። አማርኛን ዝርዝሩ ውስጥ ጨምር።

ደንበኞችህን ነጭ መዝገብ ውስጥ ስታስገባ በላኪ አድራሻ ብቻ አታድርገው፣ የላኪ አድራሻ ማንም አስመስሎ ይጽፈዋል። ኤስፒኤፍ ወይም ዲኪም (ላኪው እውነተኛ መሆኑን የሚያረጋግጡ ዘዴዎች) ያለፈውን ብቻ የሚቀበለውን ዓይነት ተጠቀም።

እኔ ከ5 በላይ ያለውን አልሰርዝም፣ ጃንክ ፎልደር ውስጥ ነው የማስቀምጠው፤ ሠራተኛው ራሱ ያየዋል፣ የተሳሳተውን ሲያወጣው ለቤይስ ትምህርት ይሆናል። ገደቡን 5 አድርገህ፣ ሪዞልቨሩን አስተካክለህ ጥቂት ቀን እየው። ካልተሻለው ሄደሩን እዚህ ለጥፈው፣ የደንበኞቹን አድራሻ ግን ደብቅ።