ስለ አሮጌው የእንጨት መላጊያ

ከአያትዎ የወረሱትን የእንጨት መላጊያ እዚሁ ጎንደር ለሥራ ማብቃት ይቻል እንደሆነ፣ የዛገው ምላጭም መለወጥ ይኖርበት እንደሆነ ጠይቀዋል። ምላጩን አይጣሉት። የድሮ ምላጮች ብዙውን ጊዜ በለስላሳ ብረት ላይ በእሳት የተጣበቀ ስስ ጠንካራ ብረት ስላላቸው፣ በእጅ ሲስሉት የሁለቱ ድንበር በስለቱ ላይ እንደ ቀጭን መስመር ይታያል፤ በሞተር ድንጋይ ከሳሉት ግን ግሎ ሰማያዊ ሊሆንና ጥንካሬውን ሊያጣ ይችላል።

የመላጊያው ሆድ (እንጨቱ ላይ የሚንሸራተተው የታች ገጹ) ከተጣመመ፣ ምላጩን ወደ ውስጥ ሰብስበው፣ ምላጩን የሚያጠብቀውን ሽብልቅ ግን እንደ ሥራ ጊዜ አጥብቀው፣ በጠፍጣፋ መስተዋት ላይ በዘረጉት የብርጭቆ ወረቀት ያስተካክሉት፤ ሽብልቁ ላልቶ የተስተካከለ ሆድ ሲጠብቅ ቅርጹን ይለውጣልና። ምላጩን ከላይ በመዶሻ ቀስ አድርገው ሲመቱት በሆዱ በኩል ይወጣል፣ የመላጊያውን ኋላ ሲመቱት ይገባል (ለዚህ ትዕግሥት ያስፈልጋል)። መጀመሪያ በዋንዛ ይሞክሩት፤ ወይራ ለጊዜው ይቆይ። ለመላጊያው ቫርኒሽ አልመክርም፣ ጥቂት የተልባ ዘይት ይበቃዋል።